የኤልኤንጂ ጭነት መርሐ ግብር ስትሠሩ ከታንከሩ ጀምሩ

«ጋሼ፣ ስንት መርከብ ያስፈልጋል?» ይሉኛል ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚመጡ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች፤ አረብ አገር የጭነት ዕቅድ ክፍል ውስጥ መሥራቴን ስለሚያውቁ። መርከቡን ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ ማምረቻው ግቢ ያለውን ማጠራቀሚያ ታንከር አስሉ። የጅማ ቡና ነጋዴ መኪና ቢቀርበት ጆንያውን መጋዘን ደርድሮ ይጠብቃል። ኤልኤንጂ ግን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ታንከሩ ከሞላ ማምረቻው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም ይቆማል፤ አንዴ ከቆመ መልሶ ማስነሳቱ ደግሞ ራስ ምታት ነው።

በምሳሌ እንሂድ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ግን ከእውነተኛ ማምረቻ ብዙ አይርቁም። በዓመት 4.5 ሚሊዮን ቶን እናመርታለን እንበል። አንድ ሜትር ኩብ 450 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በቀን 27,400 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሁለት ታንከር አለን፣ እያንዳንዱ 160,000 ይይዛል። ፓምፑ ከታች የማይስበውን 20,000 ቀንሱ፤ 300,000 ቀረን። 174,000 የሚይዝ መርከብ አፉ ድረስ አይሞላም፣ ሲመለስም ጋኖቹ እንዳይሞቁ ጥቂት ፈሳሽ ያስቀራል፤ ስለዚህ በአንድ ጭነት 165,000 ያዙ። በየ6 ቀኑ አንድ ጭነት ማለት ነው።

ዋናው ስሌት አሁን መጣ። 165,000 ሳይጠራቀም መርከብ ብታስጠጉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኪራዩም ይቆጥራል። 300,000 እስኪደርስ ካልመጣ ደግሞ ማምረቻው መተንፈሻ ያጣል። በሁለቱ መካከል ያለው 135,000 ነው፤ ለ27,400 ስታካፍሉት 5 ቀን እንኳ አይሞላም። ይህን ቁጥር ወረቀታችሁ አናት ላይ በቀይ ጻፉት።

ገዢው 4,000 ኖቲካል ማይል ቢርቅ፣ በ17 ኖት (በሰዓት 17 ኖቲካል ማይል) ደርሶ መልሱ 19.6 ቀን ይፈጃል። ለመጫኛና ለማራገፊያ 3፣ ለማዕበልና ለወረፋ 2 ጨምሩ፤ 24.6። ለ6 ሲካፈል 4.1 ይመጣል፣ ተማሪው ሁሉ እዚህ ጋ «አራት» ብሎ ያልፋል! አራት መርከብ ግን በየ24 ቀኑ መመለስ አለበት፤ በየዙሩ ግማሽ ቀን ይንሸራተታል። ከፈረንጆች ጥር ብትነሱ ነሐሴ አካባቢ ያቺ 5 ቀን ተበልታ ታልቃለች። ጥር ላይ ሁሉም አማን ስለሚመስል ማንም አያየውም።

መፍትሔው ብዙ ነው። አምስተኛ መርከብ መከራየት ይቻላል፣ ውድ ነው። ፍጥነቱን 18 ኖት ብታደርጉት ዙሩ ወደ 23.5 ቀን ይወርዳል፣ ነዳጁ ግን ይጨምራል። አንዱ ገዢ በራሱ መርከብ መጥቶ እንዲጭን መስማማትም አለ። እኔ የምመርጠው ዓመታዊውን የጥገና ማቆሚያ ነሐሴ ላይ መትከል ነው፤ ማምረቻው ሲቆም ታንከሩ ስለማይሞላ መርከቦቹ የዘገዩትን ያካክሳሉ። በአረብ አገር ሙቀት የጋዝ ተርባይኖቹ ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ ምርቱም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ብትቆሙ የምታጡት ያነሰ ነው። ከሰሜን ያሉት ገዢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ደግሞ ብርዳቸው ሲመጣ ነው።

ይህን ይዛችሁ ገዢዎች የላኩትን የሚፈልጉትን ቀን አስገቡ፣ ዓመታዊውን መርሐ ግብር አውጡ፣ ከዚያ በየወሩ የቀጣዩን 90 ቀን አድሱ። በመንገድ ላይ ከጭነቱ በቀን 0.1 በመቶ ገደማ እንደሚተንም አትርሱ። መርከቡ እሱኑ ለሞተሩ ያቃጥለዋል፤ የተጫነውና የሚራገፈው ግን እኩል አይሆንም።

ካሉብ ላይ ባሕር ስለሌለ የኦጋዴኑን ጋዝ ለሚያስቡ መርከቡ ቦቴ ይሆናል። ቀመሩ ያው ነው፤ ግን ቦቴ ትንሽ ስለሆነች በቀን ብዙ ጊዜ ይጫናል፣ ጠባቡ ቦታም ከታንከሩ ወደ መጫኛ ቧንቧው ይዛወራል። ስለዚህ አንድ ቧንቧ በሰዓት ስንት ቦቴ እንደሚሞላ ጠይቃችሁ እዚያ ጀምሩ።