ፖስታው ራሱ የፎቶ ፍሬም ቢሆንስ?

ፎቶ በፖስታ ለምትልኩ ሰዎች አንዲት ዘዴ ላካፍላችሁ። የሚደርሰው ሰው ፖስታውን አይጥለውም፣ ጠረጴዛ ላይ ያቆመዋል።

ለ10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ 13 በ18 የሆነ ፖስታ ከወፍራም ወረቀት ሥሩ። ስስ ወረቀት አይሆንም፣ ይጎብጣል። ፊቱ ላይ 9 በ14 መስኮት በምላጭ ቁረጡ። ከፎቶው ትንሽ ማነሱ የፎቶውን ጠርዝ ይደብቃል። ፎቶውን ፖስታው ውስጥ ልክ በሚገባ ካርቶን ላይ መሃሉን ጠብቃችሁ ለጥፉት። አለዚያ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል።

ዋናው ነገር ክዳኑ ነው። ከፊተኛው ገጽ የላይ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ጀርባ ይታጠፍ፤ ርዝመቱም ከፖስታው ቁመት ጋር እኩል ይሁን። የመጀመሪያዬን አሳጥሬው በጀርባው ተዘረረ! ልክ ከሆነ ግን ተቀባዩ ክዳኑን ወደ ኋላ ሲከፍተው እንደ ጠረጴዛ ካላንደር ይቆማል። ስትልኩት ጫፉን በትንሽ ስቲከር ብቻ ያዙት። ሙሉውን በኮላ ከለጠፋችሁት ሲከፈት ይቀደዳል።

አድራሻና ቴምብርስ? መስኮቱ ክፍት ሆኖ መንገድ ላይ እንዳይቀደድ፣ ፊቱን በሙሉ በስስ ነጭ ወረቀት ሸፍኑት። አራቱን ማዕዘን ብቻ በጥቂቱ ለጥፉ። አድራሻውም፣ ቴምብሩም፣ የፖስታ ቤቱ ማህተምም እዚያ ላይ ያርፋሉ። ተቀባዩ ሲልጠው ፍሬሙ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። «ቀስ ብለህ ላጠው» ብላችሁ ጥግ ላይ ጻፉበት እንጂ፣ የኛ ሰው ፖስታ ሲያገኝ ቦጭቆ ነው የሚከፍተው።