ጭንቀት ሲበዛ ጉንፋን ለሚደጋግማችሁ

በፈተና ሰሞን፣ ወይም ጥምቀት ደርሶ እንግዳ ሲበዛና ሩጫው ሲጦፍ ጉንፋን የሚመላለስባችሁ ጎንደሬዎች፣ ይቺን የአተነፋፈስ ልምምድ ሞክሯት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስልኩን አስቀምጡና ቁጭ በሉ። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፤ እጃችሁ ከፍ ሲል ይታወቃችኋል። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። 5 ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ነገር ማስወጣቱ መርዘሙ ነው።

ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫሉ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ያነቃናል። ለሳምንታት ሲቆይ ግን ጀርም የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያዳክማል። እንቅልፍም ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ መከላከያችንን ይብስ ይጎዳዋል። በረጅሙ ማስወጣት ቬገስ የሚባለውን ነርቭ ያነቃቃል፣ የልብ ምት ረገብ ይላል፣ ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። (የማታውን ቡና ካልተዋችሁ ግን ልፋቱ ግማሽ ነው።)

ካዞራችሁ አቁሙና እንደወትሯችሁ ተንፍሱ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ በዚህ አትዘናጉ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ።