የመሬት ውስጥ ሙቀት ለክቶ ስለ አህጉር ማውራት፦ በተደጋጋሚ የሚሰሩ ስህተቶች

ጉድጓድ ውስጥ ቴርሞሜትር አውርዶ ቁጥር ማንበብ ቀላሉ ስራ ነው፣ ጣጣው የሚመጣው ከዛ ቁጥር ተነስተን እታች ማንትሉ (ከቅርፊቱ ስር ያለው ወፍራም የድንጋይ ክፍል) እንዲህ ነው ቅርፊቱ (የምድር የላይኛው ጠንካራ ሽፋን) እንዲህ ነው ማለት ስንጀምር ነው።

የሙቀት ጭማሪን ከሙቀት ፍሰት (በአንድ ካሬ ሜትር በኩል ከሚወጣው ሙቀት) ጋር ማምታታት። በኪሎሜትር ስንት ዲግሪ ጨመረ የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ፍሰቱን ለማግኘት ድንጋዩ ሙቀት በሚያስተላልፍበት አቅም መባዛት አለበት። ሼል (ከጭቃ የተሰራ ድንጋይ) ውስጥ በኪሎሜትር 40 ዲግሪ ሲጨምር አይታችሁ እዚህ ስር እሳት አለ ልትሉ ትችላላችሁ፣ ግን የሼሉ አቅም 1.5 (ዋት በሜትር በኬልቪን) ከሆነ ፍሰቱ 60 ሚሊዋት በካሬ ሜትር ነው። ኳርትዛይት (ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፍ ጠንካራ ድንጋይ) ላይ ደግሞ አቅሙ 5 ሆኖ ጭማሪው 12 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እሱም ያው 60 ነው! ስለዚህ የድንጋዩን ናሙና ላብራቶሪ ሳትለኩ ስለ ፍሰት አታውሩ።

ቁፋሮው እንዳለቀ መለካት። የቁፋሮ ጭቃው ሲዘዋወር የታችኛውን ክፍል ያቀዘቅዛል የላይኛውን ያሞቃል፣ ጉድጓዱ ወደ ራሱ ሙቀት እስኪመለስ ቁፋሮው ከፈጀው ጊዜ ብዙ እጥፍ ሊወስድ ይችላል። የነዳጅ ጉድጓድ ዳታ ላይ በብዛት የምታገኙት ገና ያልተረጋጋ ቁጥር ስለሆነ ሳታርሙ አትጠቀሙበት።

ከላይ የተለካውን የሙቀት መስመር ዝም ብሎ ወደ ታች መሳብ። የበጋና የክረምት ልዩነት ከ10 እስከ 20 ሜትር ላይ ያልቃል፣ የበረዶ ዘመን ቅዝቃዜ ግን ከኪሎሜትር በላይ ወርዶ እስካሁን አለ። ሩሲያ ውስጥ ኮላ ላይ 12,262 ሜትር ሲቆፈር ታች 100 ዲግሪ አካባቢ ነው የተጠበቀው፣ የተገኘው 180።

የከርሰ ምድር ውሃን መርሳትም አለ። የጉድጓዱ ላይኛው ክፍልና ታችኛው ክፍል የተለያየ ፍሰት ከሰጣችሁ መጀመሪያ ውሃ እየተንቀሳቀሰ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

አሁን ትልቁ፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው፦ ሙቀቱን ሁሉ ለማንትል መስጠት። ቅርፊቱ ራሱ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ስላለው ሙቀት ያመነጫል፣ ግራናይት ላይ ደግሞ በደንብ። የካናዳ ሺልድ (በጣም ያረጀው የካናዳ የአህጉር ድንጋይ) ላይ ከ40 ምናምን ሚሊዋት ውስጥ ከማንትል የሚመጣው 15 ገደማ ነው፣ ቀሪው የቅርፊቱ የራሱ ነው። በ1968 ጂኦፊዚሲስቱ በርችና ባልደረቦቹ የላይኛው ድንጋይ የሚያመነጨው ሙቀትና የሚለካው ፍሰት ቀጥ ባለ መስመር እንደሚያያዙ አሳዩ፣ ከዛ ወዲህ ሰው የላይኛው ድንጋይ የሚያመነጨው ሙቀት ዜሮ ቢሆን መስመሩ የሚሰጠውን የፍሰት ቁጥር አንስቶ ይሄው ማንትሉ ይላል። አይደለም እኮ፣ የታችኛው ቅርፊት ድርሻም እዛው ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ጉድጓዶች በ30 ኪሎሜትር ተራርቀው አንዱ 35 ሌላው 55 ቢያሳይ ልዩነቱን 200 ኪሎሜትር ታች አትፈልጉት፣ ከዛ ጥልቀት የሚመጣ ልዩነት ላይ እስኪደርስ ተበትኖ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ምክንያቱ ቅርብ ነው።

ሌላው ሁሉም ነገር ተረጋግቷል ብሎ ማሰብ ነው። ወፍራም ሊቶስፌር (ቅርፊቱና የማንትሉ ጠንካራ የላይኛው ክፍል አንድ ላይ) ከታች የመጣበትን ለውጥ ላይ ለማሳየት መቶ ሚሊዮን አመት እና ከዛ በላይ ይፈጅበታል፣ ዛሬ ላይ የምትለኩት የድሮ ታሪክም ሊሆን ይችላል።

ካርታ ስትሰሩ ደግሞ ጉድጓዱ ለምን እንደተቆፈረ ጠይቁ። ለእንፋሎት ሀይል የተቆፈረ ከሆነ ድሮውንም ሙቅ ቦታ ተመርጦ ነው፣ እሱን የክልሉ አማካይ ውስጥ ከከተታችሁ አህጉሩ በሙሉ ቀልጦ ቁጭ ይላል።