የእንግሊዝኛ ድምፅና ቃል፦ ተማሪዎችም ወላጆችም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሰፈር የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት ስሰጥ፣ የአዲስ ተማሪን ደብተር ስገልጥ አስቀድሜ የማየው በእንግሊዝኛው ቃል አናት ላይ በእርሳስ የአማርኛ ፊደል ተጽፎ እንደሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ አገኘዋለሁ።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ልጁ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚያነበው የእኛን ፊደል እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለም። በቅርቡ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «ምቹ» ማለት በሆነው ቃል ላይ «ኮምፎርታብል» ብላ ጽፋ፣ እያንዳንዱን ፊደል በእኩል ጉልበት እየጠራች አነበበችልኝ። ቃሉ ግን ሲነገር «ከምፍተብል» ወደሚለው ይቀርባል፤ ጉልበቱ በሙሉ መጀመሪያው ላይ ያርፍና የቀረው ይዋጣል። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ የተቀረጸ ስለሆነ ይህን መዋጥ አያሳይም። በዚያ ላይ አማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሲኖሩት፣ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው የብሪታንያ እንግሊዝኛ ጥምሮቹን ጨምሮ ወደ 20 ያህል አለው። ስለዚህ «መርከብ»ም «በግ»ም በደብተሩ ላይ «ሺፕ» ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው አጭር፣ የሁለተኛው ረዥም መሆኑ ይጠፋል። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥተው የሚናገሩት ድምፅማ ከነጭራሹ ፊደል ስለሌለው «ስ» ወይም «ዝ» ሆኖ ይቀራል። ወላጆች ልጃቸው ቶሎ እንዲያነብ በማሰብ ራሳቸው ሲጽፉለት አያለሁ፤ ፍቅራቸው ይገባኛል፣ ነገር ግን እባካችሁ ተዉት! አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት በ9ኛ ክፍል ይህ ልጅ መምህሩ የሚናገረውን ቃል ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። መጀመሪያ ይስማ፣ ደጋግሞ ይበል፣ ከዚያ በኋላ አጻጻፉን ይይ፤ ምልክት ካስፈለገው ጉልበት የሚያርፍበትን ክፍል ያስምርበት። እኔም እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ድምፆች ለማስረዳት ያህል እንጂ ለመጥሪያ አይደሉም።

ሌላው ስህተት ድርብ ፊደል ባዩበት ሁሉ ማጥበቅ ነው። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለያል፤ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው፣ ሲጠብቅ ደግሞ አለቃው ነው፤ በጽሕፈት ግን አይታይም። በእንግሊዝኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «ዲነር» ማለትም እራት በሁለት «ኤን» ቢጻፍም «ነ» አይጠብቅም፤ ድርቡ የሚነግረን ከእሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። አንዱን «ኤን» ብናወጣው «ዳይነር» ተብሎ ይነበባል፣ ትርጉሙም ተመጋቢ ይሆናል።

«እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፣ ዝም ብለህ ሸምድድ» የሚሉ መምህራን ያሳዝኑኛል። የማይነገሩት ፊደላት ምክንያት አላቸው። «ቢላዋ» ማለት በሆነው «ናይፍ» መጀመሪያ ያለችው «ኬ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ትነገር ነበር። ዊሊያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ አነጋገሩ መለወጡን ቀጠለ፤ ድምፁ ሲጠፋ ፊደሉ ቀረ። «ዕዳ» ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ያለችው «ቢ» ግን በእንግሊዝኛ ተነግራ አታውቅም፤ የላቲን ምንጩን ለማስታወስ ሊቃውንት የጨመሯት ናት። ከሁሉም በላይ አጻጻፉ የቃላትን ዝምድና ይጠብቃል። «መፈረም» ማለት በሆነው «ሳይን» ውስጥ የማትሰማው «ጂ»፣ «ፊርማ» ማለት በሆነው «ሲግነቸር» ውስጥ ትሰማለች። ይህን ያየ ተማሪ ሁለቱን ቃላት በአንድ ጊዜ ይይዛል።

«ስኩል»ን «እስኩል» ማለት ይቅር።

ያለፈ ጊዜን የሚያሳየውን «ኢ-ዲ» ሁልጊዜ «ኢድ» ብሎ ማንበብም እንዲሁ። ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይባላል፤ «ዎንቲድ» እንደሚለው። እንደ «ክ»፣ «ፕ» እና «ስ» ባሉ ሌሎች ኢነዛሪ፣ ማለትም ሲወጡ ጉሮሮን በማያነዝሩ ድምፆች ካለቀ «ት» ይሆናል፤ «ዎርክት»። በቀሩት ሁሉ «ድ» ነው፤ «ፕሌይድ»። ተማሪው ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ የግሡን መጨረሻ ድምፅ ቢያወጣ፣ መንዘሩንና አለመንዘሩን ራሱ ይለየዋል።