የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ውሃ ላይ ኢ. ኮላይ ሲገኝ፦ በየት በኩል ገባ?

ከ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ አንድም ኢ. ኮላይ (በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖር ባክቴሪያ) ከተገኘ፣ ሰገራ የሆነ ቦታ ከውሃው ጋር ተገናኝቷል። ውሃው ኩልል ማለቱ ምንም አያረጋግጥም። ብዙ የውሃ ኮሚቴዎች ውጤቱን እንደሰሙ ክሎሪን ይጨምራሉ፤ መግቢያው ሳይደፈን ግን ድካሙ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ነው። መጀመሪያ ብክለቱ መቼ መቼ እንደሚታይ ይጣራ።

ምልክት፦ በበጋ ንጹህ፣ በዘነበ ማግስት የተበከለ

የሚገባው ጎርፍ ነው። መግቢያው በአብዛኛው የፓምፑ ዙሪያ የሲሚንቶ ወለል ስንጥቅ፣ የላላ የፓምፕ እግር ወይም በደንብ የማይገጥም የጉድጓድ ክዳን ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ወለሉ ላይ ድፉና ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ውሃ በሚሰርግበት ስንጥቅ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ። ስንጥቁን በመሮ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ጥረቡ፣ እጠቡት፣ በ1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ሙሉት፣ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ከላይ ብቻ የተለጠፈ ሲሚንቶ ወዲያው ይላቀቃል። የፍሳሽ ቦዩም ይጠረግ፤ ከተደፈነ ከብት የሚረግጠው ጭቃ እዚያው ፓምፑ ሥር ይጠራቀማል።

ወለሉ ደህና ከሆነ የጉድጓዱን ግድግዳ የያዙትን የኮንክሪት ቀለበቶች መጋጠሚያ ጠርጥሩ። የላይኛው 3 ሜትር ውሃ ማስገባት የለበትም።

ምልክት፦ ክረምት ከበጋ የማይለቅ ብክለት

በ30 ሜትር ውስጥ ወይም ከጉድጓዱ ሽቅብ ሽንት ቤት አለ? መፍትሄው ሽንት ቤቱን ማንሳት ብቻ ነው። የአዲሱ ሽንት ቤት ጉድጓድ መጨረሻ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ስንጥቅጥቅ ድንጋይ ባለበት መሬት 30 ሜትርም አይበቃም።

ምልክት፦ ፓምፑ ላይ ንጹህ፣ ቤት ውስጥ የተበከለ

ጀሪካኑ ነው። ጣት አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱት፤ ካሟለጨ ጠጠርና ሳሙና ጨምራችሁ በኃይል ናጡት። ቤት ውስጥ ደግሞ ውሃ አጋር (የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ፈሳሽ ክሎሪን) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመር።

ከጥገና በኋላ ክሎሪን

ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 4 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 4,500 ሊትር ያህል ይይዛል። ክሎሪኑን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ለማድረስ 65 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት 350 ግራም፣ ወይም 5 በመቶ በረኪና 4.5 ሊትር ያስፈልጋል። ዱቄቱን ውሃ ወዳለበት የፕላስቲክ ባልዲ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍሱ። ዝቃጩ ይቅር፤ የጠራው ብቻ ወደ ጉድጓዱ ይግባ። ክሎሪኑ እስኪሸት ፓምፑን አንቀሳቅሱና ቢያንስ ለ12 ሰዓት ዝጉት፤ በዚህ ጊዜ ማንም እንዳይቀዳ ፓምፑ ላይ ሰው ይጠብቅ። ከዚያ ቀሪው ክሎሪን በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ውሃውን አውጥታችሁ ድፉ። ውሃው ደፍርሶ ከነበረ ቀድማችሁ አጥሩት፤ ጭቃ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

ዳግም ምርመራው ክሎሪኑ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ የተወሰደ ናሙና ሐሰተኛ ንጹህ ይሰጣል። 5 ደቂቃ አፍስሳችሁ ቅዱ፣ የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኩ፣ ጠርሙሱ በበረዶ ሳጥን በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ አንዴ ድገሙት።