ካርታ የማይጥሉ ወዳጆች፦ የቤት ፖከር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ነገሩ ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው (እያንዳንዱ ሰው ሁለት የግል ካርታ ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ከሚዘረጉት አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚያዋህድበት ፖከር)፤ የውርርድ ገደብ የሌለው፣ ስድስት ሰባት ሰው ቤት ውስጥ ተሰብስቦ የሚጫወተው። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ አብዛኛው ሰው ሬይዝ አያደርግም (ውርርዱን አያሳድግም)፤ ካርታውንም አይጥልም። የሚቀጥለውን ካርታ ማየት ስለሚወድ ዝም ብሎ ይከፍላል። ከታች ያሉት ስሌቶች ብላይንዱ (ካርታ ሳይታደል ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስቀምጡት ውርርድ) 1 እና 2 ቺፕ በሆነ ጨዋታ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ሁለት አስ ይዤ እሸነፋለሁ

ወደ 6 ቺፕ ታሳድጋለህ፣ አምስት ሰው ይከተልሃል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ 7 እና 4 ይዞ ሁለት ጥንድ ይዘረጋልሃል።

ምክንያቱ የሰው ብዛት ነው። ሁለት አስ፣ ያገኘውን ካርታ ሁሉ ይዞ የሚገባ አንድ ተጋጣሚን 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል። ተጋጣሚዎቹ ሦስት ሲሆኑ ዕድሉ ወደ 64፣ አምስት ሲሆኑ ደግሞ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። (49 በመቶም ቢሆን ኪሳራ አይደለም፤ ከስድስት አንድ እጅ ከፍለህ ግማሽ ጊዜ ታሸንፋለህ። ግን በሁለት ዙር አንዴ መሸነፍህን ልመደው።)

መፍትሄው ዋጋውን ማስወደድ ነው። ከ10 ቺፕ ጀምር፤ ካንተ በፊት 2 ቺፕ ብቻ ከፍሎ ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ጨምርበት። ሦስት ሰው ገብቶ ከሆነ 16 ማለት ነው። አሁንም አራት ሰው ከተከተለህ በሚቀጥለው 20 አድርገው። የምትፈልገው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀርልህን መጠን ነው፤ ያ ቁጥር ከቤት ቤት ይለያያል። በጥሩ ካርታ ብቻ 20፣ በደካማው 8 አታድርግ። ዛሬ ባይነቁብህ በሦስተኛው ሳምንት ይነቁብሃል።

ብለፌን ማንም አያምነኝም

ብለፍ፣ ማለትም ባዶ እጅ ሆኖ ጥሩ ካርታ እንደያዙ መስሎ መወራረድ፣ ታሪክ መንገር ነው፤ ታሪክ ደግሞ ሰሚ ይፈልጋል። ዝም ብሎ የሚከተል ተጫዋች ግን የሚያየው የራሱን ሁለት ካርታ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛው ተመሳሳይ ምልክት ወጥቶ ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርታዎች) የያዝክ ብትመስል፣ እሱ የ8 ጥንዱን ይዞ «እስቲ ልየው» ይላል።

ቁጥሩም ያው ነው። 20 ቺፕ ባለበት ፖት (መሃል ላይ የተጠራቀመው ውርርድ) 10 ብትወራረድ፣ ብለፉ እንዳያከስርህ ከሦስት ጊዜ አንዴ ሁሉም መጣል አለባቸው። ሦስት ተጋጣሚ ካለና እያንዳንዱ በግማሹ ጊዜ ቢጥል እንኳ፣ ሦስቱም አብረው የሚጥሉት ከስምንት ጊዜ አንዴ ነው። ስለዚህ ባዶ እጅህን ከሆንክና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ካለ ቼክ በል (ሳትወራረድ እለፍ)። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ላይም ተርን (አራተኛው) ላይም ቼክ ካለ፣ ግማሽ ፖት አንዴ ሞክር። ከተከተለህ እዚያው አቁም።

አሸንፋለሁ፣ ግን ጥቂት ነው

ትልቁ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ሁለት ስሕተቶች አሉ።

አንደኛው ማድፈጥ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ይዘህ ተጋጣሚህ እንዲወራረድልህ ቼክ ትላለህ። እሱ ግን በተፈጥሮው የሚከተል እንጂ የሚጀምር ሰው ስላልሆነ እሱም ቼክ ይላል። አንድ የውርርድ ዙር ጠፋ፤ ተመልሶም አይገኝም።

ሁለተኛው በትንሽ መወራረድ ነው። ፍሎፕ ላይ ፖቱ 12 ቺፕ ነው እንበል። በየዙሩ ሲሶ ያህል ከተወራረድክ 4፣ 7፣ 11 ሆኖ ከአንድ ተከታይ በጠቅላላ 22 ታገኛለህ። ሁለት ሦስተኛ ያህል ብታደርገው 8፣ 19፣ 44 ይሆናል፤ ድምሩ 71። የሚከተለው ያው ሰው ነው፣ ካርታውም ያው። 4 የከፈለ ሰው 8ም ይከፍላል፤ የሚወስነው በቺፑ ብዛት ሳይሆን ጥንድ በመያዙ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ካለው ትልቁ ካርታ ጋር ጥንድ ከሠራህና ሌላው ካርታህ አስ ወይም ንጉሥ ከሆነ፣ በአንድ ተከታይ ላይ ሦስቱንም ዙር ተወራረድ። ጠረጴዛው ላይ በትልቅነት ሁለተኛ ከሆነው ካርታ ጋር የተሠራ ጥንድ አንድ ዙር ይበቃዋል።

ዝምተኛው ሰው በድንገት ሬይዝ አደረገ

ማታውን ሙሉ ሲከተል የቆየ ሰው ተርን ወይም ሪቨር (አምስተኛውና መጨረሻው የጋራ ካርታ) ላይ ከጨመረብህ፣ የያዘው ሁለት ጥንድ ወይም ከዚያ የተሻለ ነው። አንድ ጥንድህን፣ የአስም ቢሆን፣ ጣለው። «ምን እንደያዘ ልየው» ብለህ መክፈል እሱ የሚሠራውን ስሕተት መድገም ነው። ፍሎፕ ላይ ከሆነ ግን ካርታ እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል አንዴ መከተል ያስኬዳል።

ጥሩ የሚመስሉ ካርታዎች ይጎዱኛል

ምልክታቸው የተለያየ ንጉሥና ጃክ ወይም ንግሥትና 10 ከአንድ ሰው ጋር ጥሩ ናቸው፤ ከአምስት ሰው ጋር ግን ሁለተኛ የሚያወጣ ጥንድ ነው የሚሠሩት። ሰው ሲበዛ የሚጠቅሙት ትናንሽ ጥንዶችና ከአስ ጋር አንድ ምልክት ያላቸው ካርታዎች ናቸው። ትንሽ ጥንድ ፍሎፕ ላይ ሦስት ተመሳሳይ የሚሆነው 12 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ለመግባት የምትከፍለውን ቢያንስ 15 እጥፍ ቺፕ አንተም ተጋጣሚህም ፊት ለፊታችሁ ይኑራችሁ።

ፍላሽ ለመሙላት አንድ ካርታ ከቀረህ፣ በሚቀጥለው ካርታ የመሙላት ዕድልህ 19 በመቶ ነው። እነዚህ ሰዎች 20 ባለበት ፖት 5 ነው የሚወራረዱት፤ ለመከተል የሚያስፈልግህ 17 በመቶ ብቻ ስለሆነ ሳትጨነቅ ተከተል። 15 ከሆነ ዋጋው 30 በመቶ ይሆናል፤ ያኔ የሚያዋጣህ ከሞላልህ በኋላ ገና ብዙ የሚከፍልህ ከሆነ ብቻ ነው።

ሰዉ ከእኔ ጋር መጫወት ሰለቸው

ከአሥር እጅ ስምንቱን እየጣልክ ስልክህን ብታይ የሚቀጥለው ሳምንት አይጠሩህም። መጨረሻ የምትወስነው አንተ ስትሆን ሰፋ አድርገህ በ2 ቺፕ ግባ፤ ከሁሉም በኋላ ስለምትናገር ብዙ አያስከፍልህም። ቶሎ ወስን። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ በደካማ ካርታ ተከትሎ ሲያሸንፍህ «በዚህ ካርታ እንዴት ትከተላለህ?» አትበለው፤ መጣል የሚማረው ከዚያች ጥያቄ ነው።