ሜሽ ዋይፋይ ለሰፊ ቤት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሰፊ ቤት ውስጥ ዋይፋይ አልደርስ ሲል ብዙ ሰው ሦስት ኖድ የያዘ የሜሽ ካርቶን ገዝቶ ይመጣል። ሜሽ ማለት ቤቱን በአንድ ዋይፋይ ለመሸፈን ተባብረው የሚሠሩ መሣሪያዎች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ኖድ ይባላል፣ ከሞደሙ ጋር የሚገናኘው ደግሞ ዋናው ኖድ ነው። ለአንዳንዱ ችግሩ ወዲያው ይፈታለታል፤ ሌላው ግን ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶም ቪዲዮው መቆራረጡን አይተውም። ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ኖዶቹ እርስ በርሳቸው በምን እንደሚገናኙና የት እንደተቀመጡ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው ፍጥነት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤታችሁ የሚያሳየውን ምልክት ለዩ፤ ምን መግዛት እንዳለባችሁ፣ አንዳንዴም ምንም መግዛት እንደሌለባችሁ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ራውተሩ አጠገብ ተቀምጠንም ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው

ይህ የርቀት ችግር ስላልሆነ ሜሽ አይፈታውም። ላፕቶፕ በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በገመድም ያው ከሆነ ጉዳዩ ያለው አገልግሎት ሰጪው ወይም የገዛችሁት ፓኬጅ ላይ ነው። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገመ ራውተሩ አርጅቷል፣ አለዚያም አጠገቡ የሚረብሸው ነገር አለ። ማይክሮዌቭና ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱን፣ 2.4 ጊጋኸርዙን፣ እንደሚረብሹ የታወቀ ነው፤ አርቋቸውና እንደገና ለኩ።

አንድ ክፍል ብቻ ነው የማይደርሰው

በመሃል ያለውን ነገር ተመልከቱ። ኮንክሪት፣ ብረት፣ ትልቅ መስታወት፣ ውሃ የሞላ ጋን፣ ሁሉም ሲግናል ይበላሉ። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ከተደበቀ አውጡት፤ ወደ ቤቱ መሃል አምጡና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ይህን አድርጋችሁም ካልደረሰ ወደዚያ ክፍል አንድ ገመድ ዘርግቶ አንድ አክሰስ ፖይንት (ከገመድ ወስዶ ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) መትከል ከሙሉ ሜሽ ይሻላል። ለአንድ ክፍል ብሎ የሦስት ኖድ ካርቶን መግዛት አልመክርም።

ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም

ሜሽ ከገዙ ሰዎች በጣም የምሰማው ይህን ነው፤ የሚያበሳጨውም ስልኩ ሁሉም ነገር ደህና እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ስልኩ ላይ የምታዩት ምልክት በስልኩና ቅርብ ባለው ኖድ መካከል ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው የሚናገረው። ያ ኖድ ከዋናው ኖድ ጋር በደንብ መገናኘት አለመገናኘቱን አያሳይም።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ኖዱ የተቀመጠው ሲግናል በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ስለሆነ መሣሪያውንም እዚያ ማስቀመጥ ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን ኖዱ ራሱ የሚያከፋፍለውን ኢንተርኔት ከየት ያምጣ? መቀመጥ ያለበት ከችግሩ ቦታ በፊት፣ ከዋናው ኖድ ጥሩ ሲግናል ገና በሚደርስበት ቦታ ነው።

ቦታውን በግምት አትምረጡ። የሲግናል መጠን የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ክፈቱ፤ ንባቡ ዲቢኤም በሚባል የሲግናል መለኪያ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ሁለተኛውን ኖድ አጥፉና ዋናውን ብቻ አብርታችሁ ልታስቀምጡበት ካሰባችሁት ቦታ ላይ ቁሙ። ወደ −60 አካባቢ ከሆነ ቦታው መልካም ነው። −67 ለቪዲዮና ለድምፅ ጥሪ ጥሩ ከሚባለው በታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። −75 ካነበባችሁ ኖዱን እዚያ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ወደ ዋናው ተጠጉ። አንዳንዴ ከግድግዳው ጀርባ ወጥቶ በበሩ አቅጣጫ መቀመጡ ብቻ ንባቡን በደንብ ይለውጠዋል። ፎቅ ቤት ከሆነ ኖዱን በደረጃው አካባቢ ሞክሩት፤ ሲግናል የኮንክሪት ወለል ከመብሳት ይልቅ በደረጃው ክፍተት መውጣት ይቀለዋል።

ከዋናው ኖድ ስንርቅ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል

ቦታው ትክክል ሆኖ ይህ ከታየ ነገሩ የግዢ ጉዳይ ነው። ባንድ ማለት ሬዲዮው የሚሠራበት የሞገድ ክልል ነው፤ ባለ ሁለት ባንድ ሜሽ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው ያለው። ያው 5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ከዋናው ኖድ ተቀብሎ ያንኑ ለስልካችሁ ያስተላልፋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለማይሠራ ጊዜውን ይካፈላል፣ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሦስተኛው ኖድ ከሁለተኛው ላይ ከተቀጠለ እንደገና ይቀንሳል።

ሦስት መውጫ አለ። የመጀመሪያውና የማይወዳደረው ገመድ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ የኢተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ቢት በሰከንድ ይሸከማል። በየኖዱ ገመድ የሚደርስላችሁ ከሆነ ውድ ሜሽ አትግዙ፤ ባለ ሁለት ባንዱ ይበቃችኋል። ቤት እየሠራችሁ ወይም እያሳደሳችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ግድግዳው ሳይዘጋ ገመዱን ቅበሩ። ኋላ የሚገዛ የትኛውም መሣሪያ አይተካውም።

ሁለተኛው፣ ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ፣ ለኖዶቹ ግንኙነት ብቻ የተመደበ ሬዲዮ ያለው ባለ ሦስት ባንድ ሜሽ ነው። እዚህ ላይ 6 ጊጋኸርዝ ያለውን ዋይፋይ 6ኢ ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳችሁን እዩ፤ 6 ጊጋኸርዝ ክፍት ቦታ ላይ ድንቅ ነው፣ ወፍራም ግድግዳ ላይ ግን ከ5ቱም ይብስ ይደክማል። ዋይፋይ 7 በርከት ያሉ ባንዶችን በአንድ ጊዜ ማጣመር ስለሚችል የኖዶቹን ግንኙነት ያረጋጋል፤ ሦስተኛው መውጫ እሱ ነው። ቢሆንም አሁንም ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር በተመለከተ፦ ኤኤክስ5400 የሚል ብታዩ 5400 ሜጋ ቢት የሚያገኝ ስልክ የለም። 2.4ቱ ላይ ያለው 574 እና 5ቱ ላይ ያለው 4804 ተደምሮ፣ ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው። ሁለት አንቴና ያለው ስልክ በተለመደው የ80 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት ቢበዛ በ1201 ሜጋ ቢት ይገናኛል፤ ያም በወረቀት ደረጃ እንጂ በማውረጃ ፍጥነት አይደለም።

ገመድ ዘርግተናል፣ ፍጥነቱ ግን ከ94 ሜጋ ቢት አያልፍም

ይህ ቁጥር ራሱ ምክንያቱን ይናገራል፤ መስመሩ በ100 ሜጋ ቢት ነው የተገናኘው። 1 ጊጋ ቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን በአራቱ ይሠራል። ስለዚህ ከቀሪዎቹ አራት አንዱ ጫፉ ላይ በደንብ ካልተነከሰ ግንኙነቱ አይቋረጥም፣ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ጫፉን ቆርጣችሁ ማገናኛውን እንደገና ክሪምፕ አድርጉት (በመንከሻ መሣሪያ ግጠሙት)። ገመዱ ደህና ከሆነ የኖዱን ወይም የስዊቹን (የገመድ ማከፋፈያውን) ፖርት አጣሩ፤ 100 ሜጋ ቢት ፖርት ያላቸው ርካሽ ኖዶች አሉ።

ገመዱ የት እንደተሰካም እዩ። አብዛኛው ሜሽ ሌሎቹ ኖዶች ከዋናው ኖድ በኋላ እንዲሰኩ ይፈልጋል። ሁሉንም ቀጥታ ሞደሙ ላይ ከሰካችኋቸው ቤቱ አንድ ኔትወርክ መሆኑ ይቀራል።

ክፍል ቀይረንም ስልኩ የሩቁን ኖድ አይለቅም

ከኖድ ወደ ኖድ መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው ስልኩ ነው። ለምሳሌ አይፎን ሌላ ኖድ መፈለግ የሚጀምረው ሲግናሉ ከ−70 ዲቢኤም ሲወርድ ነው። ኖዶቹ በጣም ከተቀራረቡ የሩቁ ሲግናል እዚያ ደረጃ ላይ አይወርድም፣ ስልኩም የሚለቅበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መፍትሄው ኖድ መጨመር ሳይሆን ማራራቅ፣ ወይም አንዱን ማንሳት፣ ወይም ሴቲንግ ውስጥ ካለ የማሰራጫ ኃይሉን መቀነስ ነው። ስትገዙ 802.11ኬ፣ ቪ እና አር የሚባሉትን የዋይፋይ ስታንዳርዶች የሚደግፍ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዝውውሩን ያቀላጥፋሉ።

ሜሹ ከገባ ወዲህ ፕሪንተሩ ጠፋ

ሁለት ራውተር በላይ በላይ እየሠራ ነው። አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ ሳጥን ራሱ ራውተር ነው፣ ዋይፋዩም ገና በርቷል፤ ፕሪንተሩ እዚያኛው ላይ ቀርቷል፣ እናንተ ደግሞ ሜሹ ላይ ናችሁ። በሜሹ አፕ ውስጥ የኢንተርኔት አድራሻውን ተመልከቱ፤ 192.168 ብሎ ከጀመረ ነገሩ ይኸው ነው። ሳጥኑን ብሪጅ ሞድ (የራውተርነት ሥራውን ትቶ መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍበት) ላይ አድርጉት፣ ካልቻለ ሜሹን አክሰስ ፖይንት ሞድ (ራውተርነቱን ትቶ ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭበት) ላይ አድርጉት። የአሮጌውን ዋይፋይ አጥፉና ፕሪንተሩን ከአዲሱ ጋር አገናኙ። አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ የልጆች መቆጣጠሪያ የማይሠራባቸው ሜሾች ስላሉ ያ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ብሪጁን አስቀድሙ።

ካሜራው ወይም አምፖሉ አልገናኝ አለ

ብዙዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ደብልዩፒኤ3 የሚባለው አዲሱ የዋይፋይ ደህንነት ስታንዳርድ የማይገባቸውም አሉ። ለእነሱ በቀድሞው በደብልዩፒኤ2 የተለየ ኔትወርክ ክፈቱላቸው። ይህን የማይፈቅድ ሜሽ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ለሞላበት ቤት አይሆንም።

የሌላ ኩባንያ ኖድ ጨመርን፣ አልቀበል አለ

የአንዱ ኩባንያ ሜሽ ከሌላው ጋር በጥቅሉ አይግባባም። ኢዚሜሽ የሚባል የጋራ ስታንዳርድ ከ2018 ጀምሮ አለ፣ ነገር ግን ሁሉም አይከተለውም፤ የሚከተሉትም ላይ ቢሆን ከአንድ ኩባንያ መግዛቱ ጣጣ ያስቀራል።

በድንገት ይጠፋና ከደቂቃ በኋላ ራሱ ይመለሳል

5 ጊጋኸርዝ ውስጥ ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች (ባንዱ የተከፋፈለባቸው መስመሮች) ከራዳር ጋር የሚካፈሉ ናቸው። ኖዱ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቆ መውጣት ግዴታው ነው፣ ወደ ሌላ እንዲህ ያለ ቻናል ሲገባም መጀመሪያ ቢያንስ ለ60 ሰከንድ ያዳምጣል። ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱን በእጅ ምረጡለት። ቻናል በእጅ መምረጥ የማያስችሉ ሜሾች አሉና ቤታችሁ አየር ማረፊያ ወይም ወደብ አጠገብ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት ይህን አጣሩ።